የአሮጌ መኪና ጌጆችና መብራቶች እድሳት፦ ከጣርማ በር መንገድ አንጻር የቀረበ ዳሰሳ

በአሮጌ መኪና እድሳት ውስጥ ከላሜራውና ከሞተሩ ይልቅ ክርክር የሚበዛው በዳሽቦርዱ ጌጆችና በመብራቶቹ ላይ ነው። ላሜራ ተቀጥቅጦ ቀለም ሲቀባ፣ ሞተርም ተበትኖ ሲገጠም የሥራው ማለቅ በዓይንና በጆሮ ይታወቃል፤ ጌጅ ግን መርፌው ስለተንቀሳቀሰ ብቻ እውነቱን ተናገረ አይባልም፣ መብራትም ስለበራ ብቻ መንገድ አሳየ አይባልም። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ የሚነሳው ዋና ጥያቄ የእድሳቱ መለኪያ ምን ይሁን የሚለው ነው፤ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረበት ሁኔታ ነው ወይስ ዛሬ የሚሄድበት መንገድ? ጥያቄውን በሰሜን ሸዋ ከፍታ ላይ ማየት የተለየ ጥቅም አለው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ዋና መንገድ በዚሁ ከፍታ ጣርማ በር ላይ ያልፋል፤ አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ የሚደርስ፣ ጉም የሚበዛበት፣ ቁልቁለቱ ፍሬን የሚፈትንበት፣ ዳገቱ ደግሞ ሞተር የሚያግልበት ነው። አውሮፓ ውስጥ በሜዳ ላይ ተለክተው የተሠሩ ጌጆችና መብራቶች እዚህ ሲመጡ ከፊሎቹ ልክ መሆናቸው ይቀራል።

የነገሩ ታሪክ በአጭሩ ሲታይ፣ በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ነድቶ ለዐፄ ምኒልክ ካደረሰው መኪና ይጀምራል። የዚያ ዘመን መኪኖች ዛሬ ዳሽቦርድ የሚባለው ነገር አልነበራቸውም ማለት ይቻላል፤ የፊት መብራታቸውም በአብዛኛው የካርባይድ ፋኖስ ነበር፤ ይህም ካልሲየም ካርባይድ በተባለ ድንጋይ መሰል ነገር ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ የሚወጣውን አሴቲሊን የተባለ ጋዝ በማንደድ የሚሠራ ነው። በ1928 ዓ.ም. ከጀመረው የጣሊያን ወረራ ጋር የኤሌክትሪክ መብራት ያላቸው ከባድ መኪኖች በብዛት ገቡ፤ የጣርማ በር መንገድና ከግማሽ ኪሎሜትር የሚረዝመው ዋሻም የተሠሩት በዚሁ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ላንድሮቨር፣ ፊያት 1100 እና ፊያት 600፣ ፔጆ 404፣ ለጭነት ደግሞ የፊያት 682 ቤተሰብ የሆነው ኤን 3፣ በደርግ ዘመን ላዳ በየተራ መጡ። ከሁሉም ይበልጥ ግን ሰው እንደ ዘመድ የሚያየው ቮልስ ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚህች ትንሽ መኪና መሆኑ ለዝናዋ የራሱን ድርሻ አበርክቷል።

እድሳት የሚጀምረው ጌጁን ከመፍታት ሳይሆን ሽቦውን ከመከተል ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በመኪና ውስጥ ከባትሪ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በሽቦ ሄዶ የሚመለሰው በራሱ በመኪናው ብረት ነው፤ በመካኒኮች አነጋገር ይህ መመለሻ ማሳ ይባላል። ብረቱ ሲዝግ ወይም እንደገና ሲቀባ ማሳው ይደክማል፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ብሎ የሚበራበት፣ ወይም ረጅሙ መብራት ሲበራ የቤንዚን ጌጁ መርፌ የሚዘልበት ምክንያት ይኸው ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ መኪና ከመቀባቱ በፊት ከነበረው የባሰ መብራት ሲኖረው ባለቤቱ አምፖሉን ይከሳል፤ ጥፋቱ ግን ያለው በመብራቱ ቤትና በላሜራው መካከል በገባው ቀለም ላይ ነው። ከአምፖሉ ማሳ እስከ ባትሪው ነጌቲቭ ድረስ አንድ ጊዜያዊ ሽቦ ዘርግቶ ብርሃኑ መጨመር አለመጨመሩን ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በፊት የተሠሩ በርካታ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ከብረቱ ጋር የሚያያዘው ፖዘቲቩ መሆኑ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል፤ ይህን ሳያጣሩ ዘመናዊ ሬዲዮ ወይም ኤሌክትሮኒክ ዕቃ መግጠም ዕቃውን በቅጽበት ማቃጠል ነው።

የቮልቴጅ ጉዳይ ከማሳው ጋር የተቆራኘ ነው። የቀድሞዎቹ ቮልሶች እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ በ6 ቮልት የሚሠሩ ነበሩ። 45 ዋት የሚበላ አምፖል በ12 ቮልት 4 አምፒር የማይሞላ ኤሌክትሪክ ሲወስድ በ6 ቮልት 7.5 አምፒር ይወስዳል፤ ስለዚህ በሽቦውና በማብሪያው ውስጥ የሚባክነው ኃይል በጣም ይጨምራል። የክር አምፖል ብርሃን ደግሞ ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይቀንስም፤ በግምት በቮልቴጁ ሦስት ተኩል ኃይል ልክ ነው የሚቀንሰው። በመሆኑም በ6 ቮልት መኪና ላይ ግማሽ ቮልት በመንገድ ሲባክን ከብርሃኑ ሩብ ያህሉ ይጠፋል፤ በ12 ቮልት መኪና ላይ ግን ያው ግማሽ ቮልት የሚያጠፋው ከሰባት እጅ አንዱን ያህል ነው። 6 ቮልት መብራት አይሆንም የሚለው የተለመደ ፍርድ ከዚህ የመጣ ነው፤ ፍርዱ ግን በከፊል ብቻ ትክክል ነው፤ ወፈር ያለ ሽቦ፣ የጸዳ ማያያዣና በባትሪው አጠገብ የተተከለ ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያስተላልፍ ማብሪያ፣ የተሟላለት የ6 ቮልት ቮልስ ፋብሪካው ያሰበለትን ብርሃን ይሰጣል። ወደ 12 ቮልት መለወጥ ዲናሞውን፣ ሞተሪኖውን፣ የዝናብ መጥረጊያውን ሞተርና ጌጆቹን ሁሉ ስለሚነካ፣ ከመጀመሪያ ሳይሆን ከመጨረሻ የሚታሰብ መፍትሔ ነው።

ከጌጆች ሁሉ ሜካኒካዊ ብልሃቱ የሚያስደንቀው የፍጥነት መለኪያው ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ሹልትሴ በ1902 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ይህ አሠራር ከጎማ ወይም ከማርሽ ሳጥን በሚመጣ ካቦ የሚሽከረከር ማግኔት አለው፤ ማግኔቱ በአልሙኒየም ኩባያ ውስጥ ሳይነካካ ሲዞር በኩባያው ላይ የኤሌክትሪክ ሽክርክሪት ይፈጥርና ኩባያውን ይጎትተዋል፤ ከኩባያው ጋር የተያያዘው መርፌ ደግሞ በቀጭን ጥቅል ስፕሪንግ ስለሚያዝ የሚዞረው በፍጥነቱ ልክ ብቻ ነው። በቮልስ ካቦው የሚነሳው ከፊት ግራ ጎማ ነው፤ አራት ማዕዘን የሆነው ጫፉ በጎማው አክስል መካከል አልፎ በአቧራ መከላከያው ቆብ መሃል ይወጣና በትንሽ መቆለፊያ ይያዛል። መርፌው የሞተ ቮልስ ሲገኝ ዳሽቦርዱን ከመፍታት በፊት ያቺን መቆለፊያ ማየት ይገባል፤ ጎማ ሲቀየርና ኩሽኔታ ሲቀባ ብዙ ጊዜ የምትወድቀው እሷ ነች። ጎማው ከመጀመሪያው ልክ የተለየ ከሆነም ጌጁ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ፍጥነቱን ያዛባል።

መርፌው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ካቦው ከልክ በላይ ታጥፏል ወይም ቅባቱ ደርቋል። ካቦው ወጥቶ በቤንዚን ታጥቦ በስሱ በግራሶ ይቀባል፤ የላይኛው አንድ ስንዝር ያህል ግን ደረቅ ሆኖ መቅረት አለበት፤ አለበለዚያ ቅባቱ በሽክርክሪቱ እየተሳበ ወደ ጌጁ ገብቶ ኩባያውንና ማግኔቱን ያጣብቃል። ጌጁን ራሱን መክፈት ሌላ ሥራ ነው። በቮልስ የተለመደው ፋውዴኦ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ጌጅ በዙሪያው የታጠፈ የብረት ቀለበት ስላለው፣ ቀለበቱ በሰፊ ጠፍጣፋ መፍቻ እያንዳንዷ ቦታ በጥቂት በጥቂቱ እየተነሳች በዙሪያው ደጋግሞ በመዞር ይከፈታል፤ በአንድ ቦታ በኃይል የተነሳ ቀለበት ሲመለስ የተኮማተረ ሆኖ ይቀራል። የፊቱ ሳህን ላይ ያለው ጽሑፍ የታተመ ቀለም በመሆኑ በአልኮልና በሳሙና ይነሳል፤ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ከማራገፍ ያለፈ ነገር አያስፈልገውም። መርፌውን ለመንቀል የሚገደድ ሰው ደግሞ ከማረፊያ ብረቷ አልፋ ነፃ ስትሆን የምትቆምበትን ቦታ አስቀድሞ ምልክት ማድረግ አለበት፤ ያን ምልክት ያጣ ጌጅ ዳግመኛ የሚታመነው በሌላ መለኪያ ተፈትኖ ከተስተካከለ ብቻ ነው።

በዚሁ ጌጅ ውስጥ ያለው የኪሎሜትር ቆጣሪ የተለየ ፍርድ ይጠይቃል። የአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ቆጣሪ አምስት አሃዝ ብቻ ስላለው ከ99,999 በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ለገዢ የሚሰጠው መረጃ ከመጀመሪያው የጎደለ ነው። ሲታደስ ሁሉንም ወደ ዜሮ መመለስ ንጹሕ ሥራ ይመስላል፤ ሆኖም ቆጣሪው የመኪናው መዝገብ ስለሆነ ቁጥሩን ባለበት መተው፣ ጌጁ ከተቀየረም የአሮጌውን ቁጥር ጽፎ ማስቀመጥ የተሻለ ነው። በማይል የሚያነብ የላንድሮቨር ጌጅም ቢሆን ፊቱን በኪሎሜትር በተጻፈ ሳህን መሸፈን ቆጣሪውን ውሸታም ያደርገዋል፤ ውስጡ የሚቆጥረው አሁንም ማይል ነውና።

የሞተር ሙቀት መለኪያ በጣርማ በር መንገድ ከሁሉም በላይ የሚያታልል ጌጅ ነው። የጥንቶቹ ሙቀት መለኪያዎች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ አልነበሩም፤ በሞተሩ ውስጥ ከገባችው የብረት አምፖል እስከ ጌጁ የሚሄድ እንደ ክር የቀጠነ የመዳብ ቱቦ ነበራቸው፤ በአምፖሏ ውስጥ ያለው ኤተር የተባለ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ሲሞቅ የሚፈጥረው ግፊት ፈረንሳዊው ዩዤን ቡርዶን በ1849 (እ.ኤ.አ.) የፈለሰፈውን የተጠማዘዘ ቱቦ ይዘረጋል፤ የቱቦው መዘርጋትም መርፌዋን ያንቀሳቅሳል። የመዳቡ ቱቦ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ ኤተሩ ስለሚያመልጥ ጌጁ ዋጋ የለውም፤ እንደገና መሙላት ይቻላል፣ ኤተር ግን በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ የእሳት ሥራ ባለበት ጋራዥ ሊሞከር አይገባም። እነዚህንም ሆነ በኤሌክትሪክ የሚሠሩትን ለመፈተን የተለመደው ዘዴ የሙቀት ተቀባዩን በፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ መርፌው 100 ላይ መድረሱን ማየት ነው። ይህ ዘዴ በባሕር ዳርቻ ከተማ ትክክል ነው፤ በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ፣ በደብረ ብርሃን ከ90 ብዙም ሳያልፍ፣ በጣርማ በር ራስ ላይ ደግሞ በ90 ዲግሪ ግድም ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ በፈላ ውሃ ፈትኖ መርፌውን 100 ላይ ያስቀመጠ መካኒክ ጤነኛውን ጌጅ ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ ስሕተት አስተምሮታል።

ሌላው መዘዝ ከዚህ ይከብዳል። ክዳኑ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ሥርዓት ባላቸው አሮጌ መኪኖች ላይ ቀዩ ምልክት የተቀመጠው 100 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወጣ ሾፌር መርፌው 90 ላይ ሆኖ ደህና ነኝ ሲል ውሃው በዚያው ሰዓት እየፈላ ሊሆን ይችላል። ጌጁ አልዋሸም፤ ምልክቱ ግን የተሰመረው ለሌላ አገር ነው። ፋብሪካውን ብቻ የሚከተል እድሳት ይህን አይነካም፤ የመንገዱን ነገር የሚያስብ ግን በመስታወቱ ላይ በቀላሉ በሚነሳ ቀለም አንድ ትንሽ መስመር 88 አካባቢ ቢያክል ሳህኑን ሳይጎዳ ሾፌሩን ይጠቅማል። ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ያላቸው መኪኖች የመፍያ ነጥባቸው ከፍ ስለሚል ችግሩ ይቀንስላቸዋል፤ የክዳኑ ጎማ ያረጀ እንደሆነ ግን እነርሱም ያው ናቸው።

በአየር የሚቀዘቅዘው ቮልስ ውሃም የሙቀት ጌጅም የለውም፤ በፋንታው ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉት፤ አረንጓዴው የዘይት ግፊት፣ ቀዩ የዲናሞ። ብዙ ሰው ቀዩን የባትሪ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ስለሚያየው ሲበራም እየነዳ ይቀጥላል። በቮልስ ግን ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም ፋን የሚያዞር በመሆኑ ቀዩ መብራት ድንገት ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል። ስለዚህ በቮልስ እድሳት ከሚያብረቀርቀው የዳሽቦርድ ቀለበት በፊት የሚጠገነው ይህ ርካሽ አምፖልና መያዣው ነው፤ ቁልፍ ሲከፈት ሞተር ሳይነሳ የማይበራ ቀይ መብራት ያለው ቮልስ ዳገት ሊወጣ አይገባውም። አምፖሉን በኤልኢዲ መተካትም ጥንቃቄ ይሻል፤ በኋላ በመጡትና አልተርኔተር ባላቸው መኪኖች ኃይል ማመንጨቱን የሚያስጀምረው በዚያ አምፖል በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ጥቂት ብቻ የሚያሳልፈው ኤልኢዲ ባትሪው እንዳይሞላ ሊያደርግ ይችላል።

የቤንዚን ጌጅ ያን ያህል አያወያይም። ከ1961 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በፊት የተሠራ ቮልስ ጌጅ ጨርሶ አልነበረውም፤ ሾፌሩ ሞተሩ ሲያቃስት በእግሩ የመጠባበቂያውን ቧንቧ ይከፍት ነበር፤ ይህን መኪና ጌጅ ገጥሞ ማሻሻል ታሪኩን ማበላሸት ነው። በሌሎቹ መኪኖች ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በጋኑ ውስጥ ባለው ተንሳፋፊ ነው፤ ነሐሱ ተሰንጥቆ ቤንዚን ይጠጣና ይሰምጣል። በእንግሊዝ መኪኖች የቤንዚኑና የሙቀቱ ጌጅ በአንድ ላይ ከፍ ብለው ካነበቡ ግን ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ የታመመው ለሁለቱም ቋሚ 10 ቮልት የሚያድለው የቮልቴጅ ማረጋጊያ ወይም የእርሱ ማሳ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተረፉ የጦር መኪኖችና ጂፖች አንዳንዶቹ በጨለማ እንዲታይ በራዲየም የተቀባ ጽሑፍ አላቸው። ጽሑፉ ዛሬ አይበራም፤ የሚያበራው ዚንክ ሰልፋይድ ሞቷልና፤ ራዲየሙ ግን የግማሽ ዕድሜው 1,600 ዓመት ስለሆነ እንዳለ ነው። አደጋው ሲፋቅ የሚነሳው ብናኝ በትንፋሽ መግባቱ ነው። ቡናማ ሆኖ የሚቀረፈፍ የድሮ ጽሑፍ ያለበት ጌጅ ከመስታወቱ ሳይወጣ ይቀመጥ፤ በዚህ ነጥብ ላይ ለውበት ሲባል ድርድር የለም።

ወደ መብራት ሲመጣ ፍርዱ መለወጥ አለበት፤ ጌጅ የሚያገለግለው ሾፌሩን ነው፣ መብራት ግን ከፊት የሚመጣውንም ሰው ይነካልና። የፊት መብራት ልብ አንጸባራቂ ሳህኑ ነው። በጥንቶቹ ይህ ሳህን ነሐስ ሆኖ በብር የተለበጠ ሲሆን፣ በኋለኞቹ ባዶ አየር ባለበት ክፍል ውስጥ በተነነ አልሙኒየም የተቀባ ብረት ነው። ብር ከሚደርሰው ብርሃን 95 ከመቶ ያህሉን፣ አልሙኒየም ወደ 90 የሚጠጋውን ይመልሳል፤ ክሮም ግን ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ ከ65 ከመቶ ብዙም አያልፍም። የደበዘዘን ሳህን ክሮም ማስለበጥ በጋራዦች የተለመደ ስሕተት ነው፤ ለዓይን አዲስ መስሎ ከብርሃኑ ሲሶውን ይበላል። የብሩን ልባጥ በአገር ውስጥ መሥራት የሚቻል ሲሆን፣ አልሙኒየሙ ልዩ መሣሪያ ስለሚጠይቅ ያለው አማራጭ በአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ በሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና ላይ የተረፈ ጤነኛ ሳህን መፈለግ ነው። ያገለገሉ መኪኖች በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከተወደዱ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌው መኪና ከጌጥነት አልፎ የዕለት መጓጓዣ ሆኖ ስለሚቆይ የእነዚህ ዕቃዎች ፍላጎት የሚቀንስ አይመስልም።

የኤልኢዲ አምፖል በአሮጌ ሳህን ውስጥ መክተት ዛሬ በጣም ተስፋፍቷል። የሳህኑ ቅርጽ የተሰላው ብርሃኑ ከአንዲት ቀጭን ክር፣ በሚሊሜትር በተወሰነ ቦታ እንዲነሳ ተደርጎ ነው፤ ኤልኢዲው በሁለት ጎን የተለጠፉ ሰፋፊ ነጥቦች ስላሉት ብርሃኑ ይበታተናል፤ ሾፌሩ ፊት ለፊቱ ያለው አስፋልት ስለነጣ ደስ ይለዋል፣ ሩቁ ግን ጨለማ ነው፣ መጪው ደግሞ ይታወራል። በጣርማ በር ጉም ውስጥ ጉዳቱ ይብሳል፤ ወደ ላይ የተበተነው ብርሃን በጠብታዎቹ ላይ ነጭ ግድግዳ ሠርቶ ይመለሳልና። ጉም ውስጥ የሚጠቅመው ዝቅ ብሎ የተተከለ፣ ከላይ ጠርዙ የተቆረጠ አጭር መብራት ነው። ፈረንሳይ ከ1936 እስከ 1993 (እ.ኤ.አ.) ባስገደደችው ቢጫ መብራት የመጡ ፔጆዎች ቢጫው ጉም ይሰነጥቃል ተብለው ይወደሳሉ፤ ይሁንና የጉም ጠብታ ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስለሚተልቅ ሁሉንም ቀለም እኩል ይበትናል፣ ቢጫው የሚያደርገው ለዓይን መለዘብ ብቻ ነው፤ በአንጻሩ ከብርሃኑ የተወሰነውን ራሱ ያስቀራል።

በአገራችን ብቻ ትርጉም ያለው የመብራት ጥያቄ የመንገድ ጎን ነው። ኢትዮጵያ እስከ ግንቦት መጨረሻ 1956 ዓ.ም. በግራ ስትነዳ ቆይታ ከሰኔ 1 ቀን ጀምሮ ወደ ቀኝ ዞረች። አውሮፓ ውስጥ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ የተስፋፋው አጭር መብራት ደግሞ እኩል አይደለም፤ በመንገዱ ዳር በኩል 15 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ እግረኛውን ያሳያል፣ በመጪው በኩል ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከለውጡ በፊት በነበሩት ዓመታት ለግራ ነጂ አገር ተብሎ የገባ መኪና መስታወቱ ካልተቀየረ ከፍ የሚለው ብርሃን በቀጥታ መጪው ሾፌር ዓይን ላይ ያርፋል፤ ለቦሎ በቀን በሚደረግ ምርመራ መብራቱ በራ ተብሎ ቢያልፍም ይህ ላይታይ ይችላል። ማወቂያው ቀላል ነው፤ መኪናው በተስተካከለ ሜዳ ላይ፣ የተለመደውን ጭነት ይዞ፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ሲቆም የአጭሩ መብራት ጠርዝ ከመብራቱ ቁመት 10 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፣ ከፍ የሚለው ክንፍም ከመሃል ወደ ቀኝ መሆን አለበት። ወደ ግራ ከሆነ መስታወቱ መቀየር አለበት፤ ቦታው ላይ ማዞር የሚበጅ እየመሰላቸው የሚሞክሩት አሉ፣ የመስታወቱ ጎድጓዶች በተሰሉበት አቅጣጫ ካልቆሙ ግን ብርሃኑን ይበልጥ ያጣምማሉ።

በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ለእይታ እንደቀረቡት የንጉሠ ነገሥቱ መኪኖች ያሉ፣ መንገድ የማይወጡ መኪኖች በዚህ አይገደዱም፤ ለእነርሱ የግራው መስታወት ባለበት መቆየቱ ትክክል ነው። የሚነዳው መኪና ባለቤት ግን ለቀኝ የተሠራውን ገጥሞ የወጣውን መስታወት በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የተነሳበትን ቀንና የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ጽፎ ከሊብሬው ጋር ማስቀመጥ ይኖርበታል፤ ሊብሬ በተደጋጋሚ ስለሚተካ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ መኪናው ከሰኔ 1956 ዓ.ም. በፊት በዚህ አገር መንገድ ላይ እንደነበረ ከሚያሳዩት ጥቂት ማስረጃዎች አንዱም ያ መስታወት ሊሆን ይችላል።